የማክሰኞው ውሻ

ሐምሌ 14 ቀን 2537 ዓመተ ቡድሃ

ለእትዬ ላምዱዋን
ማሃቻይ፣ ሽሪምፕ መላጫው ፋብሪካ

እትዬ፣ ከነጤናሽ ነሽ ወይ? ይህችን «ከነጤናሽ ነሽ ወይ» የጻፍኳት እኔው ራሴ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ፣ ማንም ከትከሻዬ በላይ ሳያጮልቅ። እስከ ዛሬ ጤናሽን የሚጠይቁልኝ መነኩሴው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እጃቸው ስለሚደክም ናፍቆቴን ግማሽ በግማሽ እየዘለሉ ነበር የሚጽፉት። ከእንግዲህ ሙሉውን ታገኚዋለሽ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ከእኔ ሌላ የነበሩት ስድስት አሮጊቶች ናቸው ብለሽ እንዳትስቂ። አሮጊቶቹን አታውቂያቸውም፤ አንዷ እንደውም ትቀዳብኝ ነበር።

ዘገየህ ላልሽው ይቅርታ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ግን አንድ ነው። የላክሽው ጫማ ለፋይ ልኳ ሆኗል። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናቡን ከራዲዮው ቀድሞ ይናገራል።

«አሁንም እዚያው ውሾቹ ዘንድ ነህ ወይ» ብለሽ ጠይቀሻል። የት ልሄድ? እኔ ባልኖር ማዘጋጃ ቤቱ ያንን መጠለያ በማግስቱ ይዘጋዋል። ጠዋት የተሰባበረ ሩዝ ከዶሮ ጭንቅላትና እግር ጋር በበርሜል እቀቅላለሁ። ሽታው ሲነሳ ስልሳ ውሻ በአንድ አፍ ይጮኻል፤ የወረዳው ሹም እንኳ እንዲህ ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። ከዚያ ወለሉን በመጥረጊያ እገፋለሁ፣ እከክ ያለባቸውን በድኝ መድኃኒት አጥባለሁ፣ አሮጌዎቹን ለብቻ አበላለሁ፤ ጎረምሶቹ ካሉ አንድ ጉርሻ አይደርሳቸውማ። የተኮላሸውን ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆረጥ እናደርገዋለን፣ ሁለተኛ እንዳይያዝ። ማታ ቤት ስገባ እማ «ልብስህን ከደጅ አውልቅ» ትለኛለች። ምቀኝነት ነው፤ ድኝ ሸቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ሠርቻለሁ አይበል።

ፋይ ሰላም ትልሻለች። እንደ ወትሮው እጇን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረንልሻል። ምን ያህል እንዳደገች ለክተሽ እይው።

ወንድምሽ ኮምሳን፣ የማታ ትምህርት ምሩቅ
(ምረቃው ገና ሰኞ ነው፣ ከአሁኑ ብለማመደው ምን አለበት)


ሐምሌ 16

ኮምሳን፣

ጽሕፈትህ ደረሰኝ። ያምራል። ዶሮ የጫረው አይመስልም፣ ዳክዬ የሄደበት ነው የሚመስለው፤ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። እማን ጉልበቷን ሳምልኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ ቀልድህን ወደ ጎን አድርገህ መልስልኝ። ልጄ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የላከችልኝ እጆች መኝታዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሁሉም ግራ እጅ ናቸው። ልጅ በቀኙ እርሳስ ይዞ የሚያሰምረው ግራውን ነዋ። ያሁኑ ግን ቀኝ እጅ ነው። ጥፍሮቹ ስለተሳሉበት «ወረቀቱ ተገልብጦ ነው» እንዳትለኝ። መስመሩም የእሷ አይደለም፤ ወረቀቱን ሊበጣው ደርሷል፣ ልክ እንደ አንተ ፊደል። «አስምረንልሻል» ብለሃል ደግሞ። ድሮ እሷ ብቻዋን ነበረች የምታሰምረው። ግራ እጇ የት ሄደ?

የዘለልከው ሌላም አለ። ስለ ትምህርት ቤቷ አንድ ቃል የለም። ደብዳቤህንና የእማን የተብላላ ዓሣ ያመጣልኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ደግሞ «ወንድምሽን ሆስፒታል በር ላይ ልጅ ታቅፎ አየሁት፣ ይስቅ ነበር» አለኝ። መሳቅህ አላጽናናኝም። አንተ ቤትህ ሲቃጠልም ትስቃለህ።

የልጄን ነገር ከሹፌር አፍ አታሰማኝ። ዛሬውኑ ጻፍ።

ላምዱዋን


ሐምሌ 17

እትዬ፣

አንቺ ፖሊስ ጣቢያ መቀጠር ሲገባሽ ሽሪምፕ ትላጪያለሽ። አገር ተጎዳ።

እሺ። ውሻ ነክሷታል። ይኸው ጻፍኩት። ስታነቢው ያስፈራል፣ ስታዪው ግን ትንሽ ነው። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገበያው በር ላይ በእንጨት የተሰካ የሥጋ ድብልብል ገዛች፣ ውሻው ከጀርባዋ መጥቶ ነጠቃት፣ እሷ ደግሞ ያንቺ ልጅ ናትና ልታስመልሰው ገባች። ግራ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ነው የያዛት። ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነበር። አሁን እጥፍ እንደደነገጥሽ ገብቶኛል፤ በእናትሽ ይቅርታ።

ግን ስሚኝ፣ እንዲህ የሚጠበቅ ውሻ ዓለም ላይ የለም። ያንኑ ቀን የኛ የመጠለያው ልጆች በመረብ ይዘው አመጡት። ሰው የነከሰን ውሻ በዱላ መጨረስ የድሮ ነው፤ አሁን ከኋላ ለብቻው የሚቆለፍ የክትትል ቤት አለን፣ አሥር ቀን እዚያ ይቀመጣል። ሲነክሳት የእብድ ውሻ በሽታ ምራቁ ላይ ደርሶ ከነበረ በነዚያ ቀኖች ውስጥ መሞቱ አይቀርም። አሥሩን ቀን በጤና ካለፈ ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ የኛ ሐኪም ለሆስፒታሉ ይናገራል፣ የልጅቷም መርፌ ይቆማል። እስካሁን ሁለት ተወግታለች፣ ሦስተኛው ከነገ ወዲያ ነው። የቀሩትን ሁለቱን አትወጋም። ለምን ብትይ፣ ጠባቂው እኔ ነኛ!

እንዳንሳሳት ደግሞ ውሻ ሁሉ በመጣበት ቀን ቀለም አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። የሰኞው ቢጫ፣ የማክሰኞው ሮዝ፣ የረቡዑ አረንጓዴ፣ እንደምታውቂው። ድሮ የነበሩት ሠራተኞች ፊደል ስላልቆጠሩ የወጣ ዘዴ ነው፤ ሰባቱ ቀን እያንዳንዱ የራሱ ቀለም እንዳለው የማያውቅ ሰው ግን የለም። አሁን የተማረ ሰው ስለገባበት በየበሩ ሰሌዳ ይሰቀል ብዬ ለሐኪማችን ለዶክተር ናሪን ነግሬዋለሁ። «እርስዎ ይጻፉት እንግዲህ» አለኝ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ እኔን ትንሽ ይፈራኛል።

የፋይ ውሻ ቡናማ ነው፣ አፉ ጥቁር፣ ማሰሪያው ሮዝ። ሰው የነከሰ አይመስልም፣ እንደ አክስት ልጅ ነው የሚያየኝ። ከሌላ ጋር ያምታታዋል ብለሽም እንዳትሰጊ። እኔ ስልሳውንም ውሻ ዓይኔን ጨፍኜ በሳላቸው እለያቸዋለሁ።

ነገ ምረቃ ነው። የወረዳው ሹም ይመጣሉ። ነጭ ሸሚዝ ተውሻለሁ፤ አንገቱ ቢያንቀኝም ያምርብኛል።

ኮምሳን


ሐምሌ 19

እትዬ፣ አጭር ናት፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ተመረቅሁ! ሹሙ እጄን ጨብጠው «ምንድን ነው የምትሠራው» ቢሉኝ «በመንግሥት ወጪ ውሻ አሳድጋለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸው ከሳቁ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ፋይ ዛሬ ሦስተኛውን ተወጋች፤ ነርሷን ልትነክሳት ነበር። ቀልዴን ነው። ጮኻለች ብቻ። ውሻውም ደህና ነው፣ እንደ ንጉሥ ይበላል፣ ቢጫው አምሮበታል። አታስቢ።

ኮምሳን፣ አሁን በእውነት ምሩቅ


ሐምሌ 20

ኮምሳን፣

እንኳን ደስ አለህ። ይህን ከልቤ ነው።

«ቢጫው አምሮበታል» ብለሃል። እሑድ ሮዝ ነበር። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደብዳቤህን ከፍራሼ ሥር አውጥቼ አየሁት፤ ሮዝ ነው። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው? ውሻው እንደገና ተወለደ?

ሞተር አስነስቶ የሚጠብቅ ሹፌርም የለም። እሱ ሩዙን በልቶ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ ካልጨረሰ ከመናኸሪያው አይነቃነቅም። የቸኮልከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የምትቸኩለው የሆነ ነገር ሲያሳድድህ ነው።

ምረቃህ ላይ ስትስቅ መጠለያው ውስጥ ማን ነበር? የዚያን የኋላውን ቤት ቁልፍ ማን ይዞት ነበር? እኔ የምትጽፍልኝን አይደለም የማነበው፣ የማትጽፍልኝን ነው። ስለዚህ ዘልለህ አትድከም።

ላምዱዋን


ሐምሌ 21

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ቆየሁ። ፊደል አለማወቅ አንዳንዴ ጥሩ ነበር፤ ሰው የማይጽፈውን አይጠየቅም።

ሰኞ ነው የሆነው። እኔ በውሰት ሸሚዝ ከሹሙ ጋር ስጨባበጥ፣ የገበያው ወርቅ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ራምፓ ለመነኮሳቱ የዝናብ ወራት ሱባኤ መግቢያ ጽድቅ ልትሠራ ወደ መጠለያው መጣች። ሰኞ የተወለደች ሴት ናት። ዘበኛው ከፈተላት፤ ያ ሰውዬ የተጠበሰ ዶሮ ካየ የእናቱንም መቃብር ይከፍታል። ውሾቹን ሁሉ አስወጥታ በሙዝ ቅጠል ላይ አበላቻቸው። «የታሰሩትስ ምን በደሉ» ብላ የክትትል ቤቱንም አስከፈተች። ከዚያ የሁሉንም ማሰሪያ አስፈታችና በራሷ ቀን፣ በቢጫ፣ በየአንገታቸው አሰረችላቸው። በሌላ ቀን ቀለም የታሰረ እንስሳ ጽድቋን ይከፍልባታላ! አሮጌዎቹን ማሰሪያዎች ሠራተኛዋ በሳሙና አጥባ አጥር ላይ አሰጣችልን። ማክሰኞ በጠዋት ስገባ ግቢው በሙሉ ሰኞ ሆኖ ጠበቀኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር። ሦስት ውሾች ጎድለዋል። ይቺ ሴትዮ በጽድቅ ስም ውሻ ታሸሻለች አልኩና ወርቅ ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

«እሜቴ፣ ውሾቼን የት አደረሷቸው?»

«ነጻ አወጣኋቸዋ» አለችኝ እጆቿን ገጥማ። «ቤተ መቅደስ ናቸው። አንተም እኮ ከጽድቁ ድርሻ አለህ።»

«ድርሻዬ ይቅርብኝ። ምን ዓይነት ነበሩ?»

«ቡናማ ናቸዋ። የዋህ የዋሁን መረጥኩ።»

ቡናማ! በዚህ አገር ቡናማ ያልሆነ ውሻ ካየሽ የሀብታም ውሻ ነው።

ወደ ዶክተር ናሪን ተመለስኩ። ሰኞ ማታ ውሾቹን ወደየቤታቸው የመለሰው እሱ ነው፣ ከዘበኛው ጋር።

«ዶክተር፣ ማክሰኞ የመጣው የቱ ነው?»

«ክትትል ቤት ያለው ነዋ።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ዘበኛው ነው የለየው።» ከዚያ «ጋሽ ኮምሳን፣ እርስዎ በሳላቸው እለያቸዋለሁ ይሉ አልነበር?» አለኝ።

ችግሩ፣ ውሻው አይስልም።

ነገሩን ለመጨረስ ፋይን ይዣት ሄድኩ። «የነከሰሽ ይህ ከሆነ መርፌው ይቀርልሻል፣ እስቲ እይው» አልኳት። በሩ ጋ እንኳ ሳንደርስ «እሱ ነው!» አለች። በደንብ እይው ብላት «አይቼዋለሁ፣ እሱ ነው፣ በጣም እሱ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ነገሩ ተፈቷል ማለት ነው። ነገ አሥሩ ቀን ይሞላል፣ ውሻው ደግሞ ለሠርግ የተቀለበ ይመስላል። ሰኞ ከሱባኤው በዓል መልስ ዶክተሩ ለሆስፒታሉ ይነግራል። ከዚያ ወዲያ መርፌ የለም፣ ፋይም ከአሁኑ እየጨፈረች ነው።

ተፈቷል፣ አይደል እትዬ?

ኮምሳን


ሐምሌ 22

ኮምሳን፣

መርፌ የምትፈራ ልጅ ወስደህ «ይህ ከሆነ መርፌው ይቀርልሻል» ብለህ ውሻ አሳየሃት? ጎሽ ብታሳያትም «እሱ ነው» ትልሃለች። የወረዳውን ሹም ብታሳያትም «እሱ ነው» ትልሃለች።

አብራኝ የምትተኛ ልጅ አለች፣ ከቡሪራም ናት። ወንድሟን ቡችላ ነክሶት ነበር፣ ገና ጥርሱ ያልጠነከረ ቡችላ። ቁስሉ ዳነ፣ ተረሳ፣ ልጁ የዚያን ዓመት ሩዝ አብሯቸው አጨደ። ከዚያ ነው የሞተው። እንዴት እንደሞተ ልትነግረኝ ጀምራ መጨረስ አቃታት። እኔም ጨርሺልኝ አላልኳት።

እና ስማኝ። ልጅቷን አትጠይቃት። ዘበኛውን አትጠይቀው። ራስህንም አትጠይቅ፤ አንተ ከሰው ሁሉ አብልጠህ የምትዋሸው ለራስህ ነው። ሆስፒታል ሂድና «የጠበቅነው ውሻ እሷን የነከሳት ይሁን አይሁን አናውቅም» በላቸው። ዶክተሩ «ውሻው ደህና ነው» ከማለቱ በፊት። በዚያ ሳምንት የተነከሰ የሌላም ሰው ልጅ ይኖራል እኮ። እናቷ እዚያው አጠገቧ ሆና ምንም አታውቅም። እኔ ከዚህ ሆኜ አውቄያለሁ።

ከሥራ ያባርሩኛል ትለኛለህ። ያባርሩህ። እኔ ፈቃድ የማገኘው ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ እስከዚያ እጄ እዚያ አይደርስም። እጄ አንተ ነህ።

ላምዱዋን


ሐምሌ 25

እትዬ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት ሄድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነውን ሁሉ አልጽፈውም። እንዲያምኑኝ ብዬ ያንን ሸሚዝ እንደገና መዋሴን ብቻ እወቂ። መርፌው ይቀጥላል። ልክ እንዳልሽው ሌላም ልጅ ነበረች፣ የመናኸሪያዋ ኑድል ሻጭ ልጅ፤ የእሷም ይቀጥላል። እናቷ ስትሰማ መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እንደገና ሰደበችኝ፣ አሁን በስሜ እየጠራች።

ዶክተር ናሪን ዛሬ በጠዋት አገኘኝ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሽ ኮምሳን፣ ለምን ለኔ ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ነግሬህ ነበር።»

«አልነገሩኝም። ጠየቁኝ። እኔም ልክ ያልሆነ መልስ መለስኩልዎት።» የሞተሩን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «የሥራ ልብስዎን ይልበሱ፣ እንሂድ።»

ቤተ መቅደሱ ሄድን፣ እሱ ሞተሩን ይዞ፣ እኔ ከኋላው መረቡን አቅፌ። ወይዘሮ ራምፓ ነጻ ካወጣቻቸው ሦስት ውሾች ሁለቱን አገኘናቸው፣ ቢጫቸውን እንዳሰሩ ኩሽናው በር ላይ ተኝተዋል። ይዘናቸው ተመልሰናል፣ ደህና ናቸው። ሦስተኛው የለም። መነኩሴው፣ ያንቺን ደብዳቤዎች የሚያነቡልኝ የነበሩት፣ «እሱ እንኳ ረቡዕ ለብቻው ይሆን ነበር፣ ስንጠራው ጥግ ይገባል፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም» አሉን። ዶክተሩን አየሁት፣ ፊቱ ልክ አልነበረም። የኔን ፊት እሱ ነው ያየው።

ለጊዜው የክትትል ቤቱን ቁልፍ ማዘጋጃ ቤቱ ወስዶብኛል፣ ምርመራ አለ ተብሏል። ዘበኛው እኔን ይጠቁማል፣ እኔ ዘበኛውን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሁለታችንንም በጎሪጥ ያየናል። በርሜሉን ግን አልወሰዱብኝም፤ የዶሮ ጭንቅላት የሚቀቅል ሌላ ምሩቅ አልተገኘም።

ፋይ አታናግረኝም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ለእማ «ለአጎቴ ንገሪው፣ ከሃዲ ነው» ትላለች። እማም ዞር ብላ ትነግረኛለች።

ኮምሳን


ሐምሌ 27

ኮምሳን፣

ትናንት አራተኛውን እንደተወጋች ሹፌሩ ነገረኝ፣ ስትመለሱ አግኝቷችሁ። እንዳለቀሰችም ነገረኝ። እንዳለቀስክም ነገረኝ። አሁን ሰውዬውን ማመን ጀምሬያለሁ።

ይህንን ለፋይ አንብብላት፦ «ፋይዬ፣ መርፌው ይቀጥል ያልኩት እኔ ነኝ። አጎትሽ አይደለም። የምትቀየሚ ከሆነ እኔን ተቀየሚ፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ችዬ እቀመጠዋለሁ።»

አንተ ደግሞ ስለዚያ ስለ ሦስተኛው ውሻ የምትሰማው ምንም ይሁን ምን ጻፍልኝ። አሳምረህ እንዳትጽፈው። ካሳመርከው አውቃለሁ።

ላምዱዋን


ነሐሴ 12

እትዬ፣

ዝም ያልኩት እያወቅሁ ነው። የጎደለ ነገር ጽፌልሽ ሌሊቱን ግድግዳ ስታዪ እንዳታድሪ፣ ሙሉው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ትናንት መጣ።

ሦስተኛውን ውሻ ዶክተር ናሪን አግኝቶታል። ከስብከት አዳራሹ ወለል ሥር ነበር። እኔ ልግባ ስለው «እርስዎ ልጅ ያሳድጋሉ» ብሎ ጓንቱን አድርጎ በደረቱ ተስቦ ገባ። ከሞተ ቆይቷል። ቢጫው አንገቱ ላይ ነበር። የውሻውን ጭንቅላት በበረዶ አድርጎ ለምርመራ ባንኮክ ላከው። መልሱ፦ በሽታው ነበረበት።

ፋይን የነከሳት እሱ ይሁን ወይ ክትትል ቤት ያለው ይሁን አናውቅም። ዶክተሩ መቼም አናውቀውም ብሎኛል። የቤተ መቅደሱን ውሾች ሁሉ አብረን እየከተብን ነው፣ እኔ እይዛለሁ እሱ ይወጋል። አብረውት የበሉትን የኛዎቹን ለየብቻ ዘግተናቸዋል፣ በየበሩም ሰሌዳ ሰቅያለሁ፣ ቀለሙም አለ ጽሑፉም አለ። ወይዘሮ ራምፓም በእጇ ስላበላችው መርፌ ጀምራለች። ወረፋ ላይ ተገናኝተን «ጽድቄ ነበር እኮ» አለችኝ። ልስድባት አስቤ ነበር፣ ግን ቦታዬን ለቀቅሁላት።

ፋይ ማክሰኞ የመጨረሻውን ተወግታለች። አላለቀሰችም። መልእክትሽን የዛን ጊዜ አንብቤላት ነበር፤ አዳመጠች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ሄደች። ከኔ ጋር ግን ያው ዝም ነበር።

ነርሷ «ሁሉንም በጊዜው ወስዳለች፣ ከእንግዲህ አይስጉ» ብላኛለች። እኔም አመንኩሽ ብያታለሁ። ያመነው አፌ ነው። ያቺው ነርስ ናት በሽታው የያዘው ሰው ውኃ መዋጥ እንደማይችል፣ ብርጭቆ ሲቀርብለት ጉሮሮው እንደሚዘጋ የነገረችኝ። ጠይቄያት ነው፤ ምነው ባልጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሩዟን እየቋጠርኩላት አንድ ብርጭቆ ውኃ ፊቷ አኖራለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስር እመስላለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ዛሬ ብርጭቆውን አነሳችና ሳትጠጣ ያዘችው። እኔም እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

«አጎቴ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ።

«ወዬ።»

«እንደምታየኝ አውቃለሁ።»

«ማን አየሽ? ጫማዬን ነው።»

«ና ተቀመጥ። በደንብ እየኝ።»

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ አየሁት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥታ ብርጭቆውን ገልብጣ አሳየችኝ።

«አመንክ?»

«አመንኩ።»

«አላመንክም» አለችና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋችው። «ቅዳልኝ።»

ቀዳሁላት።

ኮምሳን